አልለቅ ያለ እጅ

አባዬን በቃሬዛ ያወረድነው ክረምት መግቢያ ላይ ነበር። ሰሜን ሸዋ ካለው ቤታችን እስከ መኪና መንገዱ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። አብዛኛው ቁልቁለት ነው። ዐሥራ ሁለት ወንዶች ነበርን፤ አራቱ ሲሸከሙ ስምንቱ በጎን ይሄዳሉ። ሜዳው ላይ አራታችንም በትከሻ ያዝን። ቁልቁለቱ ሲጀምር የፊቶቹ በትከሻቸው እንደያዙ ቀጠሉ። እኛ የኋላዎቹ ግን ሕመምተኛው እንዳይዘቀዘቅ ቃሬዛውን ወደ እጃችን አወረድነው። እኔ ከኋላ በቀኝ በኩል ነበርኩ። የአባዬ ራስ ከእጄ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም።

ከፊት የሚመሩን አጎቴ ናቸው፤ የአባዬ ታላቅ ወንድም። ሰባን አልፈዋል። በአካባቢው ቃሬዛ የሚነሳው እሳቸው ሲኖሩ ነው። አፋፉ ላይ ዘወር ብለው አዩኝና «ሳይደክምህ ስጥ፣ ልጄ» አሉኝ። «ከደከመህ በኋላ አትሰጥም፤ ትጥላለህ።»

እሺ አልኩ። ግን አልሰጠሁም። አባቴ ነው፤ ከአዲስ አበባ ስበር የመጣሁት ለዚህ ነው፤ ቢያንስ ይህችን ቁልቁለት እኔ ላውርደው አልኩ በልቤ። አንዱ መጥቶ «አምጣ» አለኝ። «ቆይ ትንሽ» አልኩት። ሌላው መጣ። እሱንም «ቆይ» አልኩት።

መጀመሪያ ክንዴ ሞቀ። ቀጥሎ ተቃጠለ። ከዚያ መዳፌ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መንቀጥቀጡ በእንጨቱ አልፎ የአባዬን ትራስ ሲነቀንቀው አየሁ። ጠበቅ ላደርገው ሞከርኩ፤ እጄ አልሰማ አለኝ። እንጨቱ ከመዳፌ ወደ ጣቶቼ ጫፍ መንሸራተት ጀመረ። አጠገቤ የነበረው ጎረምሳ ምንም ሳይል ከሥር ገብቶ ተቀበለኝ።

እስከ ዛሬ የማልረሳው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። እንጨቱ ከእጄ ወጥቷል። ጣቶቼ ግን አልተዘረጉም። እንደ መንጠቆ ቆልመም እንዳሉ ቀሩ። በግራ እጄ አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው። አባዬ ተጋድሞ ያየኛል። «እሸው» አለኝ። «እጅህን እሸው፣ ደም ይግባበት።»

ሳይደርቅ

አባዬ ታክሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያም ስምንት ወር ኖረ። ከበሬዎቹ ጋር ባይሆንም ከቤት ደጅ እየወጣ፣ ፀሐይ እየሞቀ፣ ሰው እየጠየቀው ኖረ። የካቲት ላይ አንድ ምሽት አረፈ። አጠገቡ ነበርኩ።

አጎቴ ወዲያው ደረሱ። ማልቀስ የጀመሩትን «ቆዩ» አሏቸው። «መጀመሪያ እናስተካክለው። ሳይደርቅ ቶሎ እንበል።»

አባዬ ያረፈው በጎኑ ተኝቶ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ነው። አጎቴ ዓይኖቹን በመዳፋቸው ከደኑለት፤ እስኪረጋ ድረስ እጃቸውን አላነሱም። አገጩን በነጠላ ቅዳጅ አሰሩ። በጀርባው አስተኝተው ጉልበቶቹን በቀስታ ተጭነው ዘረጉ። ሁለቱን የእግር አውራ ጣቶች በክር አጣመሩ። ቀኝ እጁ የጋቢውን ጫፍ እንደጨበጠ ነበር። አጎቴ አልጎተቱትም። ከትንሿ ጣት ጀምረው አንድ በአንድ ገለጡለት፤ ልክ እኔ ቁልቁለቱ ላይ የራሴን ጣቶች እንደዘረጋሁት።

«ያዝለት፣ እንዳይታጠፍ» አሉኝ። ያዝኩለት። እጁ ገና አልቀዘቀዘም። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን እጅ ይመስል ነበር፤ ወደ ወሰድኩት ይሄዳል፣ ከተውኩት ይወድቃል።

ጠዋት ገናዦቹ ሲመጡ ያንኑ እጅ ደግሜ ያዝኩት። እንጨት ሆኗል። አንዲት ጣቱን እንኳ ማጠፍ አልቻልኩም። አባዬ በጎልማሳነቱ፣ ሞፈር ተሸክሞ ዳገት በሚወጣበት ዘመን እንኳ እጁ እንዲህ ጠንክሮ አያውቅም።

ይህ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። ሐዘኑ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ግን ጥያቄ ነው። እኛ አቅም ያጣን ሰው ስንገልጽ «ዛለ» እንላለን፤ «ጉልበቱ ከዳው»፣ «ተዝለፈለፈ» እንላለን። ጉልበት ሲሄድ የሚቀረው መላላት ነው ማለት ነው። ማታ እንደዚያው ነበር። ታዲያ ሌሊቱን ማን አጠበቀው? ሕይወት የሌለው እጅ ያን ሁሉ ጥንካሬ ከየት አመጣው?

ከአርባው በኋላ አጎቴን ጠየቅኳቸው። «ደሙ ስለሚረጋ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል። ግን እሳቸው ራሳቸው አካሄዱን ያውቁታል፤ መቼ እንደሚጀምር፣ ከየት እንደሚጀምር። መጀመሪያ ዓይንና አገጭ፣ ከዚያ ሌላው። እጃቸው ያንን ቅደም ተከተል ጠብቆ ነው የሠራው።

ገመድ የሚስብ ሰው

ስለ ጡንቻ ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ጥያቄ ነው። ጡንቻ ሲኮማተር እንደሚያጥር፣ ሲላላ እንደሚረዝም ሁላችንም ተምረናል። እኔም እንደ ላስቲክ ይመስለኝ ነበር። አይደለም።

የጡንቻን አንድ ክር በአጉሊ መነጽር ብናየው ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥቃቅን ክፍሎች የተሸነሸነ ነው። እያንዳንዷ ክፍል ሳርኮሜር ትባላለች። ርዝመቷ 2.5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ 4,000 ያህሉ ተሰልፈዋል ማለት ነው። በያንዳንዷ ውስጥ ሁለት ዓይነት ክሮች አሉ። ቀጫጭኖቹ አክቲን፣ ወፈር ያሉት ማዮሲን ይባላሉ። ጡንቻው ሲኮማተር ከሁለቱ አንዱም አያጥርም። አንዱ በሌላው መሃል ይንሸራተታል፤ የሚያጥረው የሁለቱ ጠቅላላ ርዝመት ነው።

ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ እትም ላይ ሁለት ቡድኖች ጎን ለጎን አወጡት። በአንዱ ጽሑፍ አንድሩ ሃክስሌ እና ሮልፍ ኒደርጌርከ፣ በሌላው ሂው ሃክስሌ እና ጂን ሃንሰን አሉበት። ሁለቱ ሃክስሌዎች አይዛመዱም። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ሊቃውንት ክሮቹ ራሳቸው የሚታጠፉ ይመስላቸው ነበር። እኔ ይህን ሳነብ ቀና ብዬ ክንዴን አየሁት። ለዘመናት የሥጋ ነገር እንዲህ ተገልጦ እያደረ፣ ውስጡ የሚሆነው የታወቀው በአባዬ የልጅነት ዘመን ነው።

ማንሸራተቱን የሚሠሩት ከማዮሲን ክር ጎን የወጡ ትናንሽ ጭንቅላቶች ናቸው። አሠራራቸውን ለመረዳት ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ ሰው ማሰብ ይበቃል። ገመዱን ይጨብጣል፤ ወደ ራሱ ይስባል፤ ይለቃል፤ እጁን ሰድዶ ከፍ ብሎ ደግሞ ይጨብጣል። ማዮሲንም እንደዚሁ ነው። የአክቲኑን ክር ይይዛል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ወደፊት ሄዶ ይይዛል። አንዱ ጉተታ ከ10 ናኖሜትር ብዙም አይርቅም። ኃይሉን በክብደት ብንመነዝረው የአንድ ግራም ቢሊየንኛ እንኳ አይሞላም። በአንድ ወፍራም ክር ላይ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጭንቅላቶች አሉ፤ ክሮቹ ደግሞ ስፍር ቁጥር የላቸውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ። የተሰበሰበው ኃይል በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር የጡንቻ ውፍረት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ያነሳል።

ታዲያ ጭንቅላቶቹ የሚጨብጡት በፈለጉ ጊዜ አይደለም። ትእዛዙ በነርቭ ይመጣል። የነርቩ ጫፍ ጡንቻው ላይ አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ይረጫል፤ ጡንቻው ውስጥ በከረጢት ተቆልፎ የኖረው ካልሲየም ይለቀቃል። ካልሲየሙ ትሮፖኒን የተባለውን ፕሮቲን ሲነካው፣ የአክቲኑ ክር ላይ የተጋረደው መያዣ ቦታ ይገለጣል። ያኔ ጭንቅላቶቹ ይጨብጣሉ። ሥራው ሲያበቃ ካልሲየሙ በፓምፕ ተገፍቶ ወደ ከረጢቱ ይመለሳል፤ መጋረጃውም ይዘጋል።

አሁን የኔ ጥያቄ ያለበት ቦታ ደረስን።

እጅ ገመድ ለመያዝ ጉልበት ይፈልጋል፤ ለመልቀቅ ግን ምንም አያስፈልገውም ብለን ነው የምናስበው። በጡንቻ ውስጥ እንደዚያ አይደለም። የሰውነት ነዳጅ ኤቲፒ ነው። አንዲት የማዮሲን ጭንቅላት ጉተታዋን ስትጨርስ ክሩን እንደያዘች ትቀራለች። አዲስ ኤቲፒ መጥቶ ካልተቀመጠባት አትለቅም። ሲመጣ ትለቃለች፤ ያንኑ ኤቲፒ ሰንጥቃ ባገኘችው ጉልበት እንደ ወጥመድ ትወጠራለች፤ ለሚቀጥለው ጉተታ ትዘጋጃለች። ነዳጁ መጀመሪያ የሚያስፈቅዳት መያዝን ሳይሆን መልቀቅን ነው። ካልሲየሙን ወደ ከረጢቱ የሚመልሰው ፓምፕም የሚሠራው በኤቲፒ ነው። መላላት ማለት ሁለት ጊዜ ነዳጅ መክፈል ማለት ነው።

ይህችን አንቀጽ ያነበብኩት ሌሊት ነው፤ ቤተሰቡ ተኝቷል። ወንበሩ ላይ እንዳለሁ እጄን ጨብጬ ፈታሁ። ደግሜ ጨበጥኩ፣ ደግሜ ፈታሁ። መፍታት ሥራ እንደሆነ በዕድሜዬ ሙሉ አንድም ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። አሁንም አልተሰማኝም። ግን የአባዬ እጅ ለምን እንደጠነከረ ገባኝ። የመጨበጫ ጉልበት ከየትም አላመጣም። የመፍቻው ነው ያለቀበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ሲቆም ኦክስጅን ይቀራል። ጡንቻው ግን በዚያች ደቂቃ አይሞትም። ውስጡ ባለው ስኳር ለጥቂት ሰዓታት ኤቲፒ መሥራቱን ይቀጥላል። ማታ ለስላሳ የነበረው ለዚህ ነው። ቀስ በቀስ ነዳጁ ያልቃል። ካልሲየሙ ከከረጢቱ ያፈስሳል፤ የሚመልሰው ፓምፕ የለም። ጭንቅላቶቹ ክሩን ይይዛሉ። የሚያስለቅቃቸው የለም። በየሳርኮሜሩ፣ በየክሩ፣ በሚሊዮን በሚሊዮን እንደያዙ ይቀራሉ። ሰውነቱ የሚደርቀው በነበረበት ቅርጽ ነው፤ የታጠፈው እንደታጠፈ፣ የተዘረጋው እንደተዘረጋ። አጎቴ የሚሽቀዳደሙት ከዚህ ጋር ነበር። ከዓይን ቆብና ከአገጭ ጀምሮ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይታያል፤ በግማሽ ቀን ገደማ ሙሉ ይሆናል። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ፕሮቲኖቹ ራሳቸው መፈራረስ ሲጀምሩ ይላላል። እኛ አገር ቀብር ስለሚፈጥን ያንን መላላት የሚያየው ጥቂት ሰው ነው።

ሥጋ ቤት የሚያዘወትር ሰው ሌላውን ጫፍ አይቶታል። ገና የታረደ በሬ ቁርጥ ሳህን ላይ ሆኖ ሲንዘፈዘፍ ማየት ብርቅ አይደለም። በሬው የለም፤ ጡንቻው ግን ገና ነዳጅ አለው። ይይዛል፣ ይለቃል። የሚለቅ ሥጋ ነው ለስላሳ።

ዝለት

ይህን ካወቅኩ በኋላ ቸኮልኩ። ቁልቁለቱ ላይ የኔ ጣቶች ቆልመም ብለው የቀሩትም ኤቲፒ አልቆባቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። ትንሽ ሞት ነገር አድርጌ አሰብኩት። ፊዚዮሎጂ የሚያስተምር ወዳጅ አለኝ፤ ነገርኩት። ቡናውን አስቀምጦ «አይደለም» አለኝ። «ያ ቢሆን ኖሮ ጣትህን በግራ እጅህ አትዘረጋውም ነበር።»

ጡንቻ ዛለ ማለት ኤቲፒው አለቀ ማለት አይደለም። በእርግጥ ጡንቻ የሚያስቀምጠው ኤቲፒ ለከባድ ሥራ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ የሚበቃ ነው። ግን ወዲያው ክሬቲን ፎስፌት የተባለው መጠባበቂያ ይተካዋል። እሱ ዐሥር ሰከንድ ገደማ ያቆያል። ከዚያ ስኳሩ ይቀጥላል፤ ሥራው ረዘም ካለ ኦክስጅን ዋናውን ድርሻ ይይዛል። ሰው እስከ መጨረሻ አቅሙ ታግሎ ሲወድቅ እንኳ ጡንቻው በጥቅሉ ሲለካ ኤቲፒው ከግማሽ በታች መውረዱ ብዙም አይታይም። ጡንቻው ከዚያ በፊት ሥራውን ይቀንሳል። ካልሲየም የሚለቀቀው በትንሹ ይሆናል። የክሬቲን ፎስፌቱ ስብርባሪ የሆነው ፎስፌት ይጠራቀምና የያንዳንዷን ጭንቅላት ጉተታ ያዳክማል፤ ወደ ካልሲየሙ ከረጢት ገብቶም ካልሲየሙን ያስረዋል።

ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ ዝለትን የማይበት ዓይን ተለወጠ። ጣት የሚከዳን አይመስለኝም አሁን። ነዳጁ ተሟጦ ጭንቅላቶቹ ተቆልፈው ከሚቀሩ፣ ኃይል ቀንሶ እንጨቱን መልቀቅ ይሻላል። ሰውነት እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ሳይደርስ ይቆማል።

የጣቶቼ ቆልመም ማለትስ? የዛለ ጡንቻ ጉልበቱ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ ለመላላትም ጊዜ ይወስድበታል። ካልሲየም የሚመልሰው ፓምፕ ይዘገያል። ጭንቅላቶቹም ለመልቀቅ ይዘገያሉ። በተቃራኒው ጣት የሚዘረጉት ጡንቻዎችም ደክመዋል። ስለዚህ እጄ ይፈታ ነበር፤ ቀስ ብሎ።

በሌላም በኩል አባዬ ልክ ነበር። አጥብቆ የጨበጠ ጡንቻ የራሱን ደም ሥሮች ይጨፈልቃል። የሚራመድ እግር ሲጠብቅና ሲላላ ደሙን ያዘዋውራል፤ ጨብጦ የቆመ እጅ ግን ደም አያስገባም። እንጨቱን ጨብጠው ሲይዙ ጣቶቼ አልተንቀሳቀሱም፤ በፊዚክስ ቋንቋ የጨበጡት ጡንቻዎች ምንም ሥራ አልሠሩም። ውስጡ ግን እነዚያ ጭንቅላቶች ሳያርፉ ሲይዙና ሲለቁ፣ ነዳጅ ሲያነዱ ነበር፤ ኦክስጅን ሳይመጣላቸው። «እሸው፣ ደም ይግባበት» ያለኝ ሰው መጽሐፍ አላነበበም።

የጂም ሰዎች ይህን ሁሉ «ላክቲክ አሲድ» በሚል አንድ ቃል ይዘጉታል። እኔም ስል ኖሬያለሁ። ታሪኩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ካምብሪጅ ላይ ፍሌቸር እና ሆፕኪንስ የእንቁራሪት ጡንቻ ሲዝል ላክቲክ አሲድ እንደሚጠራቀምበት፣ ኦክስጅን ሲያገኝ እንደሚጠፋለት አሳዩ። ከዚያ በኋላ ወንጀሉ ሁሉ በላክቲክ አሲድ ላይ ተላከከ። ዛሬ የሚታወቀው ሌላ ነው። ላክቴት፣ ማለትም ላክቲክ አሲድ ሰውነት ውስጥ የሚገኝበት መልክ፣ ነዳጅ ነው፤ ልብም ሌሎች ጡንቻዎችም ይጠቀሙበታል። ሥራው ካቆመም በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጠራል።

ይህ ደግሞ ያንን ሌላ ሕመም ያስታውሰኛል። አባዬን ካደረስን በሁለተኛው ቀን የሆስፒታሉን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። መውጣቱ ይሻል ነበር። ስወርድ ግን ታፋዬ በቢላ የተዘለዘለ ይመስል፣ የብረቱን ድጋፍ በሁለት እጄ ይዤ በጎኔ እወርድ ነበር። በሁለት ቀኑ የሚመጣ ሕመም በአንድ ሰዓት በሚጠራ አሲድ ሊሆን አይችልም። የጎዳኝ ቁልቁለቱ ነው። ዳገት ስንወጣ የታፋ ጡንቻ እያጠረ ይስባል። ቁልቁለት ስንወርድ ግን ያው ጡንቻ እየሳበ ይረዝማል፤ ፍሬን ሆኖ ይይዘናል። እየተወጠረ የሚይዝ ጡንቻ ከሁሉ የበለጠ ኃይል ያወጣል፤ ግን ያንን ጫና የሚሸከሙት ጥቂት ክሮች ናቸው፤ አንዳንድ ሳርኮሜሮች ይቀደዳሉ። ጥገናው ሲጀምር ያብጣል፣ ያማል። ሕመሙ የሚበረታው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። አጎቴና የመንደሩ ልጆች ምንም አልሆኑም። ቁልቁለቱን በየሳምንቱ ይወርዱታል፤ አንዴ የተጎዳ ጡንቻ ሲያገግም ለሚቀጥለው ተመሳሳይ ጫና ይጠነክራል።

መቀባበል

የአጎቴን ቃል ደጋግሜ አስባለሁ። ሳይደክምህ ስጥ። ይህ ጨዋነት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ወጣቱ እንዳይጎዳ የሚባል። አሁን ሳየው ስሌት ነው። ክሬቲን ፎስፌት ቶሎ ይሞላል። ጡንቻው ገና ካልተንኮታኮተ ግማሹ በግማሽ ደቂቃ አካባቢ ይመለሳል፤ በጥቂት ደቂቃ አብዛኛው ይሞላል። እስኪዛል የጠበቀ ክንድ ግን ለማገገም ብዙ ይቆያል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚቀባበሉ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ሦስት ሰዓት ይሄዳሉ። አልሰጥም የሚል አንድ ሰው ግን ቁልቁለቱ መሃል ያስቆማቸዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት በቃሬዛ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ጡንቻውም ውስጡ እንደዚያው ነው። እጅ ቀለል አድርጎ ሲይዝ የሚሠሩት ጥቂት ክሮች ናቸው፤ መጀመሪያ የሚጠሩት ቀርፋፋዎቹና ታጋሾቹ ናቸው። እነሱ ሲዝሉ ነርቩ ሌሎችን ይጨምራል። በመጨረሻ ፈጣኖቹና ቶሎ የሚደክሙት ይገባሉ። የእጄ መንቀጥቀጥ የዚያ ምልክት ነበር፤ የሚተካ ተጠባባቂ እያለቀ ነበር።

ዝለት ክንድ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቱሪን ላይ አንጀሎ ሞሶ አንድ ጣት ብቻውን ክብደት የሚስብበት መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ተማሪ ሲፈትን የዋለ መምህር ምንም ሳይሸከም ጣቱ ቶሎ ዛለበት። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ኢካይ እና ስታይንሃውስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን በሙሉ አቅማቸው እንዲስቡ አድርገው ለኩ። ሳቢው ራሱ ሲጮህ፣ ወይም ቀድሞ የሽጉጥ ድምፅ ሲሰማ፣ ሙሉ ከተባለው አቅም በላይ ሳበ። እኔ ሌሊቱን ሳልተኛ ነው ቃሬዛ ሥር የገባሁት፤ ልቤም ከእጄ ቀድሞ ዝሎ ነበር። የፊቶቹ በየመታጠፊያው «አይዞን! አይዞህ!» ሲሉ እንጨቱ ቀለል የሚለኝ የመሰለኝ አልነበረም። ክንዴ ውስጥ ገና ያልታዘዘ ጉልበት ነበር፤ ጩኸቱ አስታዘዘው።

ስለ ቀብሩ ቀን ያልተናገርኩት አለ።

ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ አይደለም። የአስከሬኑን ቃሬዛ ስናነሳ ከፊት በግራ በኩል ገባሁ። ሰው እየመጣ ትከሻዬን ይነካል፤ መቀባበል ነው ወጉ። አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ራሴን ነቀነቅኩ፤ አለፉኝ። ከዕድሮቹ ድንኳን አልፈን፣ የወንዙን መሻገሪያ አልፈን፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲታየን አጎቴ መጡ። ትከሻዬን አልነኩም። «ስጥ» አላሉም። ከጎኔ ሆነው እየሄዱ፣ እንጨቱን በጨበጠው እጄ ላይ እጃቸውን ጭነው አቆዩት። መዳፋቸው ሻካራና ሙቅ ነበር። ማታ የአባዬን ጣቶች የገለጠው እጅ ነው።

እንዲያ ሆነን ዐሥራ አምስት እርምጃ ያህል ሄድን። ከዚያ ትከሻቸውን ከሥር አስገቡ። ክብደቱ ከላዬ ሲነሳ ተሰማኝ። ጣቶቼ ወዲያው አልተፈቱም።